የጡት ኢምፕላንትን በአልትራሳውንድ መመርመር፦ ከጠርዙ ጀምሩ

ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ በቀዶ ጥገና የገባ ሰው ሠራሽ ከረጢት፣ ያላት ሴት የአልትራሳውንድ አልጋ ላይ ስትተኛ ብዙ ጊዜ በልቧ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። «ፈንድቶ ይሆን?» ፕሮቡን፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ፣ የያዘው ባለሙያ ደግሞ ዓይኑ ቶሎ ብሎ ወደ ኢምፕላንቱ መሃል ይሄዳል። መሃሉ ጥርት ያለ ጥቁር ከሆነ ደህና ነው ይላል። ነጭ መስመር ካየ ተቀዷል ይላል። ሁለቱም ያሳስታሉ። የተቀደደ ኢምፕላንት መሃሉ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ጤነኛው ደግሞ በመስመር የተሞላ ሊመስል ይችላል። ኢምፕላንት የሚነበበው ከጠርዙ ነው።

ይህን የምጽፈው አልትራሳውንድ መሥራት ለሚያውቁ፣ ኢምፕላንት ሲመጣ ግን እጃቸው ለሚያመነታ ባለሙያዎች ነው። ራሷ ኢምፕላንት ያላት አንባቢም ምርመራው እንዴት መሆን እንዳለበት ታይበታለች። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ጠይቁ

ጄሉን ከመቀባታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ለጥያቄ ስጡ። ኢምፕላንቱ መቼ ነው የገባው? የተሞላው በሲሊኮን ጄል ነው ወይስ በጨዋማ ውሃ? ከጡንቻ በላይ ነው ወይስ በታች? የመጀመሪያው ነው ወይስ የተቀየረ? ከተቀየረ የድሮው ለምን ወጣ? ጡት ውስጥ በመርፌ የተወጋ ነገር አለ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሰጣት ካርድ ካለ ተቀብላችሁ እዩት። ዓይነቱ፣ መጠኑና የሽፋኑ ገጽ እዚያ ላይ ይገኛል።

እነዚህ ጥያቄዎች ለወግ ያህል የሚጠየቁ አይደሉም። የድሮ ኢምፕላንቷ ፈንድቶ የተቀየረላት ሴት ብብቷ ውስጥ የቆየ ሲሊኮን ሊኖር ይችላል። ይህን ሳትጠይቁ ከጀመራችሁ አዲሱን ኢምፕላንት ያለ ጥፋቱ ትከሱታላችሁ። ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ የተወጋች ሴትም እንዲሁ ናት። አስቀድማ ካልነገረቻችሁ፣ በስክሪኑ ላይ የምታዩት ሲሊኮን ከየት እንደመጣ ምስሉ ብቻውን አይነግራችሁም።

ዓመቱና ዓይነቱም ብዙ ይናገራሉ። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት በ1962 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሽፋኑም ጄሉም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ2010 ፒ አይ ፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም ተደርሶበት ምርቱ ከገበያ ወጣ። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው አምራች ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ኢምፕላንቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። የዚህኛውን ምክንያት ስለ ፈሳሽ ስናወራ እመለስበታለሁ።

«ምንም አያመኝም፣ ለምን እታያለሁ?» የምትል ሴትም ትመጣለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልስ ይገባዋል። የሲሊኮን ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ጡቱ ቅርፁን አይለቅም፣ ሕመምም ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 መመሪያው፣ ሕመም የሌላት ሴት እንኳ ሲሊኮኑ ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ እንድትታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንዲደገምላት የመከረው። የጨዋማ ውሃው ነገር ይለያል። እሱ ሲቀደድ ውሃው ወጥቶ ሰውነት ውስጥ ይመጠጣል፤ ጡቱ በቀናት ውስጥ ይተነፍሳል። ሴትየዋ ከእናንተ ቀድማ ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፦ ማሽኑንና አተኛኘቱን አስተካክሉ

ሊኒየር (ገጹ ቀጥ ያለ) ፕሮብ ያዙ። ከ7 እስከ 15 ሜጋኸርዝ ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የላይኛውን ጠርዝ ለማየት ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ተጠቀሙ። የኋላውን ግድግዳ ለማየት ዝቅ አድርጉ። ኢምፕላንቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ጥልቅ ከተቀመጠ ኮንቬክስ (ገጹ ጎበጥ ያለ) ፕሮብ ከማምጣት አትቆጠቡ። ጥልቀቱ የጎድን አጥንቶቹን እስኪያሳይ ድረስ ይውረድ። ፎከሱን በመጀመሪያ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ኋላ የታችኛው ላይ አድርጉት። ሃርሞኒክ የሚባለው የማሽኑ ቅንብር ካለ አብሩት፤ የኢምፕላንቱ ጄል ውስጥ የሚፈጠረውን የውሸት ማሚቶ ይቀንሳል። ጌይኑን፣ ማለትም የምስሉን ድምቀት፣ አታብዙት። በጌይን ብዛት ጤነኛ ጄል የደፈረሰ ይመስላል።

ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛ፣ እጇን ከራሷ በላይ ታድርግ። የጡቱን የውጭ ጎን ስታዩ ከጀርባዋ ስር ትንሽ ትራስ አስገብታችሁ ወደ ተቃራኒው ጎን ዘንበል አድርጓት። የአልትራሳውንድ ጄል አትንፈጉ። እጃችሁ ይቅለል። ኢምፕላንት የሚጨቆን ነገር ነው፤ ከጫናችሁት ቅርፁም መስመሩም ይቀየራል።

ሦስተኛ፦ ጤነኛውን በደንብ እወቁ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ጤነኛውን ካለማወቅ ነው።

ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ቆዳ፣ ስብ፣ ወተት የሚያመነጨው የጡት እጢ ይመጣል። ኢምፕላንቱ ከጡንቻ ስር ከሆነ ደግሞ ክር ክር ያለ የደረት ጡንቻ ታያላችሁ። ቀጥሎ ጠርዙ ይመጣል። ጠርዙ አንድ ነገር አይደለም። ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሠራው የጠባሳ ከረጢት አለ፤ ካፕሱል ይባላል። ከእሱ ስር የኢምፕላንቱ የራሱ ሽፋን አለ። ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ በስክሪኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች ሳይቋረጡ ዙሪያውን ከሄዱ ሽፋኑ ሙሉ ነው ለማለት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ አላችሁ። ለስላሳ ሽፋን ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ሸካራው ደብዘዝ ያለና ያልተስተካከለ ነው። ካርዷ የጠፋባት ሴት ላይ ይህ ልዩነት ጠቃሚ ፍንጭ ነው።

ከጠርዙ ስር ጄሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሆኖም የላይኛው ክፍል ላይ፣ ልክ ከሽፋኑ ስር፣ ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው ደብዛዛ መስመሮች ብዙ ጊዜ አሉ። ድምፁ በቆዳውና በሽፋኑ መካከል ሲመላለስ የፈጠራቸው ማሚቶዎች ናቸው። ፕሮቡን ትንሽ አዘንብሉት፣ ወይም ጫን ለቀቅ አድርጉት። መስመሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጠፋ የውሸት ነው። እውነተኛ ሽፋን ከየትም አቅጣጫ ብታዩት ቦታውን አይለቅም።

ሌላው አሳሳች ነገር እጥፋት ነው። የኢምፕላንት ሽፋን እንደ ቀሚስ ሽንሽን ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህ ጤነኛ ነው። ቀጭን ሴት ላይ እጥፋቱ በእጅ ሲዳሰስ እንደ እብጠት ሊሰማ ይችላል፤ ብዙዎች የሚደነግጡትም በዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው። መስመሩን በፕሮቡ ተከተሉት። ፕሮቡን በ90 ዲግሪ አዙሩና እንደገና ተከተሉት። መጨረሻው ከጠርዙ ሽፋን ጋር ከተገናኘ፣ በሁለቱ ገጾቹ መካከልም የተጠራቀመ ነገር ከሌለ እጥፋት ነው።

አንድ የማልሳሳለት ብልሃት አለ። ማሽኑ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ይጓዛል ብሎ ያሰላል። ሲሊኮን ውስጥ ግን ድምፁ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከሲሊኮኑ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ከእውነተኛ ቦታው ወርዶ ይታያል። እውነተኛ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኢምፕላንት በስክሪኑ ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ፕሮቡን የኢምፕላንቱ ጠርዝ ላይ ግማሹ በኢምፕላንቱ፣ ግማሹ ከእሱ ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡ። የደረት ግድግዳው መስመር ደረጃ እንዳለው ነገር ድንገት ዝቅ ካለ ውስጡ ሲሊኮን ነው። ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ጨዋማ ውሃ ነው። ምን እንደገባላት የማታውቅ ሴት ላይ ይህ ወርቅ ነው። የሲሊኮን ኢምፕላንት ውፍረትን ለክታችሁ ሪፖርት ላይ አትጻፉ የምለውም ለዚሁ ነው።

ጨዋማ ውሃው የሚሞላበት ቫልቭ አለው። ቫልቩ የላይኛው ገጽ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ሲታይ እብጠት ብላችሁ እንዳትጽፉት። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ስስ የፈሳሽ መስመር መኖሩም ብቻውን በሽታ አይደለም።

አራተኛ፦ በሥርዓት ዙሩ

ጥሩ እስከሆነ ድረስ የመረጣችሁት ሥርዓት ይሁን፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ እንደ ሰዓት ቁጥር ነው የምዞረው። ከላይ፣ ከሰዓቱ 12 ቁጥር ጀምሬ ከጡት ጫፍ ወደ ውጭ፣ የኢምፕላንቱ ጠርዝ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አግድም እጠርጋለሁ። ከጡቱ ስር ያለውን እጥፋት፣ የውጭውን ጎን፣ ከደረት አጥንት አጠገብ ያለውን ክፍል አልዘልም። ብብቱን በሁለቱም በኩል አያለሁ፤ አንዱ ጡት ብቻ ነው የታዘዘው ብለው የሚተዉ አሉ፣ እኔ ግን አልተውም። ብብት ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ከአንገት አጥንት በላይ ያሉትን ንፍፊቶችም ጨምሩ።

ጡቱን ራሱን አትርሱ። ኢምፕላንት ያላት ሴትም የጡት ካንሰር ይይዛታል። ሁሉም ሰው ኢምፕላንቱ ላይ ሲያፈጥ ከላዩ ያለው እጢ ሳይታይ እንዳይቀር።

አምስተኛ፦ ቀዳዳው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

አብዛኛው የሲሊኮን መቀደድ በካፕሱሉ ውስጥ የሚቀር ነው። ሽፋኑ ተቀዷል፤ ጄሉ ግን የጠባሳው ከረጢት ውስጥ ታስሯል። በመጀመሪያ ጄሉ በቀዳዳው ወጥቶ በሽፋኑና በካፕሱሉ መካከል ይገባል። እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ገጾች ይለያዩና የእንባ ጠብታ ወይም የቁልፍ ቀዳዳ ቅርፅ ይሠራሉ። ጤነኛ እጥፋት ውስጥ ይህ ክፍተት የለም። ትንሽ ሲቆይ የሽፋኑ መስመር ከካፕሱሉ ተላቆ ከስሩ በትይዩ ይሄዳል፤ በመካከላቸው የደፈረሰ ነገር ይታያል። ይህንን ደረጃ ነው መሃሉን ብቻ የሚያይ ሰው የሚያመልጠው። መሃሉ ገና ጥቁር ነው።

ከዚያ ሽፋኑ ጄሉ ውስጥ ይሰምጣል። በስክሪኑ ላይ ብዙ አግድም መስመሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው እንደ መሰላል ይታያሉ። ባለሙያዎች ስቴፕላደር የሚሉት ይህንን ነው። ጄሉም ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ጥቁረቱን ያጣል፣ ቦታ ቦታ ነጣ ይላል። መሰላሉን ካያችሁ በሁለት አቅጣጫ አረጋግጡ። በቀስታ ጫን ብላችሁ ልቀቁ፤ የወደቀ ሽፋን ጄሉ ውስጥ ሲዋልል ሊታይ ይችላል። ማሚቶው እንዲህ አያደርግም። ጥርጣሬ ከቀረ ኤም አር አይ ጠይቁ። ምልክት ያላት ሴት ወይም አልትራሳውንዷ ያልለየለት ከሆነ ወደ ኤም አር አይ መሄድ የሚመከር ነው። አልትራሳውንድ የኋላውን ግድግዳ በደንብ አያሳይም፤ ይህን ማመን ድክመት አይደለም።

ጄሉ ካፕሱሉንም ጥሶ ሲወጣ ምስሉ ይቀየራል። ጥቃቅን የሲሊኮን ጠብታዎች ከሥጋ ጋር ሲቀላቀሉ ድምፁን ይበትኑታል። ከላይ ጠርዙ ግልጽ የሆነ ነጭ ነገር ይታያል፤ ከበታቹ ያለው ሁሉ በጭጋግ ይዋጣል። መጻሕፍቱ ስኖውስቶርም፣ ማለትም የበረዶ ወጀብ ይሉታል። ጭጋግ ሲወርድ አገሩ ሁሉ እንደሚጠፋው አድርጋችሁ አስቡት፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ከካልሲየም ጥላ ይለያል። ያኛው ጥላ ጥርት ያለ ጥቁር ነው፣ ይኼኛው ነጭ ነው። ይሁንና ተጠንቀቁ። ገና በቅርብ የወጣ ሲሊኮን ተሰብስቦ ከተቀመጠ ጥቁር ክብ ሆኖ ተራ የውሃ ከረጢት ሊመስል ይችላል። ኢምፕላንት አጠገብ ያለ «ተራ ሲስት» ሁለት ጊዜ ይታይ።

ያው ጭጋግ ብብት ውስጥ ባለ ንፍፊት ላይም ይታያል። ይህ ሲሊኮን እዚያ መድረሱን ይነግራችኋል እንጂ ኢምፕላንቱ መቀደዱን አያረጋግጥም። ባልተቀደደ ሽፋን በኩልም ትንሽ በትንሹ የሚያልፍ ሲሊኮን አለ። የድሮ ኢምፕላንት ትቶት የሄደም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ የጠየቃችሁት ጥያቄ ዋጋው እዚህ ላይ ይወጣል።

ስድስተኛ፦ ፈሳሽ ካለ ጊዜውን ቁጠሩ

በኢምፕላንት ዙሪያ ያለ ፈሳሽ ትርጉሙ ያለው በቀኑ ላይ ነው። ቀዶ ጥገናው በተደረገ ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ከሆነ ደም፣ የቁስል ውሃ ወይም መግል ነው የሚታሰበው። ትኩሳት፣ የቆዳ መቅላትና ሕመም ካለ፣ ፈሳሹም ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ኢንፌክሽንን አስቀድሙ።

ቀዶ ጥገናው ካለፈ ከ1 ዓመት በኋላ አዲስ ፈሳሽ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ጡት ድንገት ማበጥ ጀመረ ስትል ቆም በሉ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካንሰር አይደለም፤ ለሴትየዋም ይህን በግልጽ ንገሯት። ነገር ግን በካፕሱሉና በፈሳሹ ውስጥ የሚነሳ የሊምፎማ ዓይነት አለ። በአህጽሮት ቢ አይ ኤ ኤ ኤል ሲ ኤል ይባላል። የጡት እጢ ካንሰር አይደለም፤ የነጭ የደም ሴሎች ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 ስለ ግንኙነቱ አስጠነቀቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አወቀው። አብዛኛው የሚታየው ሸካራ ገጽ ያለው ኢምፕላንት ባላቸው ሴቶች ላይ ነው፤ የ2019ኙ መሰብሰብ ምክንያትም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከ7 እስከ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ በጊዜ ተገኝቶ ኢምፕላንቱና ካፕሱሉ ሙሉ በሙሉ ሲወጡ ደግሞ ብዙዎቹ ይድናሉ። ለዚህ ነው ያ የመጀመሪያው ምርመራ እንዳያልፈን የምጨነቀው።

የፈሳሹን ትልቁን ውፍረትና ቦታውን ጻፉ። ፈሳሹ ኢምፕላንቱን እንደ ጨረቃ ከቦ ስለሚቀመጥ በሦስት ልኬት የሚሰላው መጠን እምብዛም አያስተማምንም። ካፕሱሉን ተከትላችሁ ከእሱ ጋር የተያያዘ ጠቆር ያለ እብጠት ካለ ፈልጉ። ዶፕለር አብሩ፣ ግን የደም ፍሰት አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ብብቱን ድገሙት።

ፈሳሹ በመርፌ መቀዳት አለበት። ይህን የሚሠራው በአልትራሳውንድ እየመራ መርፌ የማስገባት ልምድ ያለው ሰው ነው። ሴትየዋን ዘንበል አድርጓት፣ ፈሳሹ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰብሰብ። መርፌው ከኢምፕላንቱ ገጽ ጋር ትይዩ ይግባ፤ ጫፉ በየሰከንዱ ይታይ። ከተቻለ ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። በጣም አስፈላጊው ነገር ይኼ ነው፦ የመጀመሪያው ፈሳሽ አይደፋም። ላቦራቶሪ ይላክ፤ ወረቀቱ ላይ «የሴል ምርመራ፣ ሲዲ 30 እና ፍሎው ሳይቶሜትሪ» ተብሎ ይጻፍ (የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሊምፎማውን ሴሎች ለመለየት የሚረዱ ምርመራዎች ናቸው)፤ የባክቴሪያ ምርመራም ይጨመር። «እብጠቱ እንዲቀልላት» ተብሎ ተቀድቶ ከተጣለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፈሳሽ ሴሎቹ የሳሱ ስለሚሆኑ በሽታው ሊሰወር ይችላል። በ2022 ደግሞ በካፕሱሉ ውስጥ ስለሚነሱ ሌሎች ካንሰሮች፣ ስኳመስ ሴል የሚባለውን ጨምሮ፣ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። እብጠት ካያችሁ በፈሳሹ ውጤት ብቻ አትርኩ።

የቀሩት በአጭሩ

ካፕሱሉ ሲጠነክርና ሲኮማተር ጡቱ ይደድራል፣ ይታመማል። ቤከር በሚባለው መለኪያ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃው የሚሰጠው ግን በዓይንና በእጅ ነው፣ በአልትራሳውንድ አይደለም። እናንተ የወፈረ ካፕሱል፣ ክብ የሆነ ኢምፕላንትና የበዛ እጥፋት ካያችሁ ጻፉ፤ ደረጃውን ለሐኪሟ ተዉት። የእንባ ቅርፅ ያለው ኢምፕላንት ከቦታው ሊዞር ይችላል። አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ላይ ምልክት የሚሆን ጉብታ ስላላቸው ቦታውን ከሌላው ጡት ጋር አወዳድሩ።

በመጨረሻ፦ ሪፖርቱ

«ኢምፕላንቱ ጤነኛ ነው» ብቻ አይበቃም። ሲሊኮን ወይም ውሃ መሆኑን፣ ከጡንቻ በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ የሽፋኑ መስመር ዙሪያውን መታየት አለመታየቱን፣ ያልታየ ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ፈሳሽ፣ ጭጋግ፣ የብብት ንፍፊት፣ የጡት እጢ፤ እያንዳንዱ የራሱ አንድ መስመር ይኑረው። እጥፋት ካለ በሰዓት ቁጥሩ መዝግቡና ምስሉን አስቀሩ። ከ2 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ መስመር አይቶ «ተቀዷል» ከማለት የሚያድነው ይህ ምስል ነው።

ሴትየዋ ከአልጋው ሳትወርድ ያያችሁትን በቀላል ቋንቋ ንገሯት። የተጠራጠራችሁትንም ንገሯት። ካርዷ ከሌላት በአልትራሳውንድ የለያችሁትን ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቅጂውን ስጧት፤ ወደሚቀጥለው ምርመራዋ ይዛው እንድትመጣ።